ድንጋይ የተሸከመ አይለፍ

አንድ ሰው ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ እርሻ ያለው፣ ሞልቶ የተረፈው ሰው።

ቤቱማ ጥሩ ቤት ነው። የግቢው በር ግን አላማረውም። «መንገደኛ ገና ከሩቅ ሲያየው የማን ግቢ እንደሆነ ይወቅ» አለ። ጠራቢ አስመጣ፣ ግንበኛ አስመጣ። ሁለት ወፋፍራም የድንጋይ ዓምዶች፣ ከላያቸው ቅስት፣ በግራና በቀኝ መንታ የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ቤቶች። አንዱ ለዘበኛው ነው። ሌላውስ? ማንም አይኖርበትም! እንዲያው ለማማር! ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ።

ይህ ሰው ሸዋንግዛው የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። በድንበር ክርክር ጊዜ ሸዋንግዛው በሐሰት መሰከረበት። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ተኳርፈው ቆዩ። በፋሲካ እንኳ «እንኳን አደረሰህ» አልተባባሉም።

ግን ሰውየው ወንድሙን ይወዳል። ለሚስቱ «ድንጋዩን ተሸክሞ በመጣ ቀን፣ አፉን ሳይከፍት ይቅር እለዋለሁ» ይላታል። ወጋችንን ታውቁታላችሁ፤ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ አቀርቅሮ ይመጣል። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲለው ነው የሚያወርደው።

«ታዲያ አንተ ብትሄድስ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«የበደለኝ እሱ! ይምጣ!»

የበሩ ሥራ ሲጧጧፍ የቀን ሠራተኞቹ ድንጋይ እንደተሸከሙ እየገቡ አትክልቱን ረጋገጡበት። ሰውየው በገነ። ዘበኛውን ባሻ ጓንጉልን ጠርቶ «ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከዚህ በር እንዳያልፍ! ማንም ይሁን ማን!» ብሎ አዘዘው።

በዚያው ሳምንት ሸዋንግዛው መጣ። ሽማግሌ ለመላክ እንኳ አፍሮ፣ ብቻውን፣ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ።

ለባሻ ጓንጉል የቀን ሠራተኛ መሰለው። «አባቴ፣ እዚያ ክምሩ ላይ ጣለው» አለው።

«ለጌታህ ነው ያመጣሁት።»

«ሁሉም ለእሳቸው ነው። ድንጋይ የተሸከመ አይለፍ ብለዋል።»

«እሱ ራሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«በገዛ አፋቸው! ማንም ይሁን ማን ብለዋል።»

ሸዋንግዛው ድንጋዩን ክምሩ ላይ አስቀመጠ። ዞሮ ሄደ።

በሩ አለቀ፣ ድግስ ተደግሶ ተመረቀ። በዓመቱ ሸዋንግዛው ሞተ። ሰውየው ለቅሶ ቤት ገብቶ «ወንድሜን! ምነው ሳትመጣ ቀረህ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ፣ የሟች ሚስት ወይዘሮ የሻረግ ቀና አለች።

«መጥቶ ነበር እኮ። ድንጋዩን ተሸክሞ መጥቶ ከበርህ መለስከው።»

ወይኔ! ከቀብር መልስ ባሻን ጠየቀው፤ ባሻ አስታወሰና አለቀሰ። ግንበኛውን አስጠራ። «የትኛው ነው የወንድሜ ድንጋይ?»

«ጌታዬ፣ ተጠርቦ ግንብ ከገባ በኋላ በምን ልለየው?»

ሰውየው ከዚያ ከሚያምረው በር ሥር ሆኖ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየዳሰሰ «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ይል ጀመር። ማን ይስማው?

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። ይቅርታው በልቡ ተዘጋጅቶ ነበር። ተዘጋጅቶ ነው የቀረው!

እናንተስ? «እኔ ቂም የለኝም፣ እሱ ይምጣ እንጂ» ትላላችሁ። ሲደውል አታነሱም። ሲመጣ «የለም በሉት» ብላችሁ ልጆቻችሁን ታስዋሻላችሁ። ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ ሰላም ሊላችሁ ጠጋ ሲል በሌላው በኩል ታልፋላችሁ። ምነው ዝም አላችሁ? ዋሸሁ?

እኔም ከእናንተ አልሻልም። የገዛ እኅቴን «ትምጣ» እያልኩ ሁለት ዓመት ጠበቅኋት። የሄድኩት ለቀብሯ ነው። ስብከት እንዲያምርልኝ አይደለም የምነግራችሁ፤ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትነሡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። በፊት እሱ ጋ ሂዱ። «የበደለኝ እኮ እሱ ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። እሱ ነው። በሕይወት ሳለ ሂዱ።