የእትዬ ትጓደድ አልጋና የላይኛው ቤት ቧንቧ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ ቧንቧ ከፍቶ የመጣ ግን መጀመሪያ ሄዶ ይዝጋ።

እትዬ ትጓደድ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር፣ ምድሩ ላይ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ። ከአልጋው ሥር የእድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰው ሲሞት ቶሎ አውጥቶ ለመትከል የታች ቤት ይሻላል ተብሎ፣ እድርተኛው በአደራ የሰጠው ለእሳቸው ነው። እትዬ ትጓደድ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ብዙ አልነበረም። ደረቅ አልጋ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ፣ ጠብ አለ። ግንባራቸው ላይ ነው። ደግሞ ጠብ አለ፤ ትራሱ ላይ። ቀና ብለው ጣሪያውን ቢያዩ አንድ ወፍራም ጠብታ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ያያቸዋል።

«ቁም» አሉት።

«አልቆምም» አለ ጠብታው። «ከላይ የሚገፋኝ አለ።» ይህን ብሎ ወረደ።

ጎረቤቶች ሰምተው መጡ። አንዷ ሳፋ ይደቅኑ አለች። ሌላዋ ደግሞ አልጋውን ወደ በሩ ገፋ ቢያደርጉት ምን አለበት አለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው ወደ በሩ ከሄደ በሩ አይከፈትም። ቢከፈትም እትዬ ትጓደድ አይገፉትም ነበር።

«ሳፋ አልደቅንም፤ አልጋዬንም አላነሳም» አሉ። «ዛሬ አልጋዬን ባነሳ ነገ እኔን ተነሺ ይሉኛል። መነሳት ያለበት ውሃው ነው።»

ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደ ላይኛው ቤት ወጡ።

የላይኛው ቤት የገዛኸኝና የሚስቱ የየሺመቤት ነው። በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ ሲሄድ ሰዉ ቧንቧውን ከፍቶ በርሜል ሥሩ ያቆማል፤ ውሃው ሲመጣ ባዶውን በርሜል ሲመታው ድምፁ ይጠራናል ብሎ ነው። ሰው ካልሰማ ግን በርሜሉ ይሞላል፤ ከሞላ ይፈሳል፤ ከፈሰሰ ወደ ታች ነው። ባለፈው ክረምት እንዲህ ፈሶ የእትዬ ትጓደድን ፍራሽ አበስብሶት ነበር። ያኔ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እነገዛኸኝ በራሱ የሚዘጋ የውሃ መዝጊያ ገዝተው አስገጠሙ። መዝጊያው ትልቁ ቧንቧ ላይ ይቀመጣል፤ በሽቦ የታሰረች እግሩ ወለል ላይ ትተኛለች። እግሩን ውሃ ሲነካት ጢጥ ይልና ዞሮ ውሃውን ይዘጋል። ሰው ቢኖርም ባይኖርም፣ ሰው ቢሰማም ባይሰማም ይዘጋል።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?

እትዬ ትጓደድ ከጓዳ ገቡ። በርሜሉ ሞልቶ ይፈሳል፤ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። የሰው ቤት ቧንቧ በእጃቸው አይነኩምና «ተዘጋ፤ አንተ ካልተዘጋህ ጠብታው አይቆምም» አሉት።

«እኔ የተከፈትኩት ውሃ ሲመጣ እንድጮህ ነው» አለ ቧንቧው። «ጮህኩ፤ የሰማ የለም። ራሴን በራሴ አልዘጋም። የሚዘጋኝ መዝጊያው ነው።»

ጠብታ አይቆምም፤ ቧንቧ አይዘጋም። «እኔም አልጋዬን አላነሳም» አሉ እትዬ ትጓደድ።

ወደ መዝጊያው ዞሩ። እግሩ ውሃ ውስጥ ተኝታለች፤ ላዩ ላይ ያለችው መብራት ጠፍታለች። «ንቃ፤ አንተ ካልነቃህ ቧንቧው አይዘጋም» አሉት።

«በምኔ ልንቃ?» አለ መዝጊያው በደከመ ድምፅ። «የባትሪ ድንጋዮቼን አውጥተውብኛል። ውሃው እላዬ ላይ ቢሄድም አይታወቀኝም።»

ጠብታ አይቆምም፤ ቧንቧ አይዘጋም፤ መዝጊያ አይነቃም። «እኔም አልጋዬን አላነሳም» አሉ እትዬ ትጓደድ።

ድንጋዮቹን ፍለጋ ወደ ሳሎን አለፉ። ቴሌቪዥኑ ቤቱን አናውጦታል። ድንጋዮቹ ሁለቱም ሪሞቱ ሆድ ውስጥ ተጋድመዋል። «ወደ መዝጊያችሁ ተመለሱ» አሏቸው።

«አንመለስም» አሉ ድንጋዮቹ። «ጓዳ ውስጥ ቧንቧ ላይ ተጣብቀን ስንውል ማን አየን? እዚህ ግን ይኸው ስንቱን ቻናል እናገላብጣለን። ደግሞ ሪሞቱ ሆዱን ዘግቶብናል።»

ሪሞቱን «ልቀቃቸው» አሉት።

«አለቅም» አለ ሪሞቱ። «እኔ ያለሁት ገዛኸኝ እጅ ውስጥ ነው። እሱ ካልተነሳ የኔ ሆድ አይከፈትም።»

ጠብታ አይቆምም፤ ቧንቧ አይዘጋም፤ መዝጊያ አይነቃም፤ ድንጋይ አይመለስም፤ ሪሞት አይለቅም። «እኔም አልጋዬን አላነሳም» አሉ እትዬ ትጓደድ።

ገዛኸኝ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ኳስ ያያል። ሰላምታ ሰጣቸው፤ ዓይኑ ግን ከኳሱ አልተነቀለም። እትዬ ትጓደድ ነገሩን ሁሉ አስረዱት። እሱም ድንጋይ ነገ እንደሚገዛ ነገራቸው። የእሱን ነገ ከክረምት ጀምሮ እንደሚያውቁት መለሱለት። እንግዲያው ተጫዋቾቹ እረፍት እስኪወጡ ይታገሱኝ አለ።

«ቢያንስ ቧንቧውን በእጅህ ዝጋው፣ ልጄ።»

«ከተዘጋማ እትዬ፣ ውሃ መምጣቱን በምን እናውቃለን?»

«ውሃ መምጣቱን እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እያወቅሁልህ አይደል?» አሉት።

ገዛኸኝ ሳቀ። አልተነሳም ግን።

ጠብታ አይቆምም፤ ቧንቧ አይዘጋም፤ መዝጊያ አይነቃም፤ ድንጋይ አይመለስም፤ ሪሞት አይለቅም፤ ገዛኸኝ አይነሳም። «እኔም አልጋዬን አላነሳም» አሉ እትዬ ትጓደድ።

የሺመቤት ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። ባልሽን ተቆጪው አሏት። እሷ ደግሞ ኳስ ላይ ሳለ ተናግራው እንደማታውቅ፣ አንድ ጊዜ ብትናገረው እስከ ማግስቱ እንዳኮረፈ አጫወተቻቸው። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለአንድ ጠብታ ብዬ ትዳሬን ላናጋ? አልጋዎን ትንሽ ቢያነሱትስ፣ እትዬ?»

እትዬ ትጓደድ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ደረጃውን እየወረዱ በጣታቸው ቆጠሩ። ጠብታ አይቆምም፤ ቧንቧ አይዘጋም፤ መዝጊያ አይነቃም፤ ድንጋይ አይመለስም፤ ሪሞት አይለቅም፤ ገዛኸኝ አይነሳም፤ የሺመቤት አትቆጣም። እኔም አልጋዬን አላነሳም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደሰንበት ግቢው በር አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳማ ይጫወታሉ። እትዬ ትጓደድ ከፊታቸው ቆመው የሺመቤት በእድሩ ትቀጣልኝ አሉ። እሷ ካልተቀጣች ባሏን እንደማትቆጣ፣ ባሏ ካልተነሳ ውሃው እንደማይቆም አስረዱ። አቶ ወልደሰንበት አንድ ጠጠር አንስተው ብዙ አሰቡ፤ ያሰቡት ግን ስለ ዳማው ነው።

«እትዬ ትጓደድ» አሉ በመጨረሻ፣ «እድር ለሞት ነው። ለጠብታ አይደለም። ሰው ሲሞት ይምጡ።»

«እኔ ስሞት በየት በኩል ልምጣ?»

ዳማ የሚያየው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ግን ጠጠራቸውን አስቀመጡና ደንብ ደንብ ነው አሉ።

ጠብታ አይቆምም፤ ቧንቧ አይዘጋም፤ መዝጊያ አይነቃም፤ ድንጋይ አይመለስም፤ ሪሞት አይለቅም፤ ገዛኸኝ አይነሳም፤ የሺመቤት አትቆጣም፤ ዳኛ አይቀጣም።

እትዬ ትጓደድ ቤታቸው ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፍራሹ ጨቅ አለ። ይኼኔ ሌላ ሰው ቢሆን አልጋውን ያነሳ ነበር። እሳቸው ግን ፍራሹን በመዳፋቸው ጫን አደረጉትና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ጎንበስ ብለው አዩ። በፍራሹ በኩል አልፎ፣ በርብራቡ መሐል ሾልኮ፣ ታች ድንኳኑ ላይ ይንጠባጠባል። የድንኳኑን ጫፍ ስበው ጨመቁት። ውሃ በክርናቸው ወረደ።

ያን ጊዜ ደማቸው ፈላ። የራሳቸው አልጋ ሲርስ ተናደው ነበር፤ የሰው አደራ ሲርስ ግን ሌላ ነው። የግቢውን ዘበኛ ሽብሩን ጠሩት።

«ይህን ድንኳን አውጣና ደጄ ላይ ትከልልኝ።»

ሽብሩ ደነገጠ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሊደርቅ ነው።»

ሽብሩ ድንኳን ለመድረቅ ሲተከል አይቶ አያውቅም። ቢሆንም የታዘዘውን አደረገ፤ ራሱን እየነቀነቀ ካስማውን መታ፤ ገመዱን ወጠረ። እትዬ ትጓደድ አግዳሚ ወንበር አስገብተው መሐሉ ላይ ቁጭ አሉ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። በዚያ ሰፈር ድንኳን በአንድ ደጅ ላይ ከተተከለ፣ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ምንም አይጠይቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ዳማው ተበተነ። አቶ ወልደሰንበት፣ እድሩ ሳይነገረው ማን ሞቶ ነው እያሉ ኮታቸውን በአንድ እጅጌ ለብሰው መጡ። የሺመቤት በመስኮት ብቅ ብትል ድንኳኑ እትዬ ትጓደድ ደጅ ላይ ነው። ክትፊያዋን ጥላ፣ ቢላውን እንደያዘች፣ ደረጃውን እየጮኸች ወረደች።

«እኔን ያስቀድመኝ፣ እትዬ! አልጋዎን ያንሱ ያለ አፌ ይቆረጥ!»

ድንኳኑ ውስጥ ዘላ ገባች። እትዬ ትጓደድ ተቀምጠው አዩዋት።

«ቢላውን አስቀምጪና ተቀመጪ» አሏት። «አልቅሰሽ ጨርሰሻል?»

የሺመቤት አፏን ይዛ ቀረች። አቶ ወልደሰንበት ግን ተቆጡ። በድንኳን መቀለድ ነውር መሆኑን፣ ሙሾ ያለ ሞት ሟርት መሆኑን ተናገሩ። እትዬ ትጓደድ እስኪጨርሱ ጠበቁ። ከዚያ ተነሱና ከበላያቸው የተንጠለጠለውን የድንኳን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጠመዘዙት። ውሃው በዳኛው ጫማ ላይ ወረደ።

«እድር ለሞት ነው ብለውኛል። ይኸው የሞት ዕቃ። የኔን አልጋ ተዉት፤ ሊበሰብስ ይችላል። ነገ ሰው ቢሞት ለቀስተኛ የምታስቀምጡት በዚህ ሥር ነው። የእድሩን ድንኳን ያረጠበው ማነው? ደንቡስ በእድር ንብረት ላይ ጉዳት ያደረሰውን ምን ይላል?»

አቶ ወልደሰንበት ጫማቸውን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ቀና ብለው የላይኛውን ቤት አዩ፤ ሕዝቡም አብሮ ቀና አለ። ከላይ ኳስ የሚያወራው ሰውዬ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ይቀጣል ይላል» አሉ ዳኛው።

እንዲህ ሲሉ ገመዱ ተበጠሰ። የድንኳኑ አይደለም፤ የነገሩ።

ዳኛው የሺመቤትን ሊቀጡ ተነሱ፤ የሺመቤት ባሏን ልትቆጣ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣች፤ ገዛኸኝ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅምና ከሶፋው ዘለለ፤ ሪሞቱ ከእጁ ወድቆ ሆዱ ተከፈተ፤ ድንጋዮቹ እየተንከባለሉ ወጡ፤ የሺመቤት አፈሰቻቸውና ወደ መዝጊያው መለሰቻቸው፤ መዝጊያው ነቃ፤ እግሩ ውሃ ውስጥ መሆኗን አወቀና ጢጥ ብሎ ዞረ፤ ቧንቧው ተዘጋ። ጠብታው ብቻ ጥቂት አኮረፈ፤ ጠብ፣ ቆየት ብሎ ጠብ፣ በጣም ቆየት ብሎ ደግሞ ጠብ አለና ቆመ።

ድንኳኑ እስኪደርቅ ሰዉ ሥሩ ተቀመጠ። የመጣ ለቀስተኛ ዝም ብሎ አይመለስምና የሺመቤት ያን ሽንኩርት ወጥ አድርጋ አወረደችው። ገዛኸኝም ጓዳውን ወልውሎ፣ የራሱን ፍራሽ ተሸክሞ ወርዶ እትዬ ትጓደድ አልጋ ላይ አነጠፈው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቻናል መቀየር ሲያምረው ከሶፋው ይነሳል።

ሰዉ ሲበተን አንዷ ጎረቤት ጠጋ ብላ፣ ለማንኛውም አልጋውን ትንሽ ወደ ጎን ቢያደርጉት አይሻልም ወይ አለቻቸው። እትዬ ትጓደድ በሩን ዘጉባት።

ከዚያ አልጋቸው ላይ ወጡ፤ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ጣሪያ ሥር። በጀርባቸው ተጋደሙና ጠብታው የነበረበትን ቦታ አዩት።

«ተነሳህ?» አሉት።

መልስ አልመጣም። እሳቸውም ተኙ።

ተረቴ እዚህ ላይ ደረቀች። እናንተ ግን ወደ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ወለሉን እዩ።