ከሳጥኑ የወጣው ቀፎ

በጥቁር ውሃ ከተማ ዕቃ የሚያስጭን ሰው፣ ሾፌሩ «አታስብ!» ሲለው የሚመልሳት አንዲት አባባል አለች። ዝም ብላ የተወለደች አይደለችም፤ የከድጃ ይመር ንዴት ነው የወለዳት።

የከተማው የውሃ ፓምፕ የብረት ቀፎው ፈንድቶ ቆሞ ነበር። ሰው ከከብት ጋር እየተጋፋ ከወንዝ ይጠጣል፤ ሕፃናት በተቅማጥ ወድቀዋል። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከድጃ ኮምቦልቻ ሄዳ አዲስ ቀፎ አሠራች። ብረት አቅላጩ በጭድ ጠቅጥቆ ሳጥን ውስጥ ከተተላትና፣ «ክብደቱን አይተው እንዳይሸወዱ፤ ይህ ብረት ከተመታ እንደ ገንቦ ነው» አላት።

በጭነት መኪና አስጫነችው። ለሰላት ገለል ብላ ስትመለስ ግን ሳጥኑ መሬት ተጥሏል፤ ጭዱን ነፋስ ይበትነዋል። ሾፌሩ ጓንጉል ቀፎውን እርቃኑን ከሲሚንቶ ከረጢቶች ጎን ወሽቆ፣ በሳጥኑ ቦታ የሌላ ነጋዴ ቆርቆሮ ይደረድራል።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? መልሰው!»

«እትዬ፣ ብረት እኮ ነው! እንቁላል አደረጉት እንዴ? እናቴ ትሙት፣ ምንም አይነካው!»

ሌላ መኪና አልነበረም። ጥርሷን ነክሳ ጋቢና ገባች። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ብረቱ ከኋላ ሲንጓጓ ይሰማታል። «ኧረ አቁምና እንየው!» ብትለው ቴፑን ከፍ አደረገባት።

ጥቁር ውሃ ሲደርሱ ሰው ጀሪካኑን ይዞ በእልልታ ወጣ። የጭነቱ በር ተከፈተ። ቀፎው ለሁለት ተከፍሏል። እልልታው ቀጥ አለ።

ጓንጉል ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እናቴ ትሙት፣ ድሮም የተሰነጠቀ ነው!» አለ።

የከድጃ ደም ፈላ። «ሙሉውን በዓይኔ አይቼው? ለቆርቆሮ ብለህ የልጆቻችንን ውሃ ሰብረህ፣ ደግሞ ትምላለህ?» አለችና የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ሕዝቡም መኪናውን ከበበ። ጓንጉል መውጫ ሲያጣ፣ ሌላ ቀፎ በራሱ ወጪ አሠርቶ ሊያመጣ ተስማማ። ከድጃም አጠገቡ ተቀምጣ ልትሄድ ተነሳች።

«ምን ያለፋዎታል እትዬ? ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ። እናቴ ትሙት፣ የአሁኑን ጭረት አያገኘውም!»

ጠቡን ሊገላግሉ የመጡት ሽማግሌ፣ ሼህ ይማም፣ ነገሩን ከሥሩ ከከድጃ ሰምተው ነበርና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እናትህን ተዋት ልጄ» አሉት፤ «መሐላ ጭድ አይሆንም።»