ፍየሏ የላጠቻት ዛፍ

ተረት ተረት፣ የባሕር ላይ በረት።

አንዲት መርከብ ሰው ከማይኖርበት ደሴት አጠገብ ሰጠመች። የተረፉት አንዲት ፍየልና አንድ አውራ ዶሮ ብቻ ነበሩ። በደሴቲቱ ላይ ያለችው ዛፍም አንዲት ናት። ዶሮው በየጠዋቱ ጫፏ ላይ ወጥቶ መርከብ ይጠባበቃል። ፍየሏ ደግሞ ሣር ሞልቶላት ሳለ የዛፏን ቅርፊት ትልጣለች።

«እመት ፍየል፣ ኧረ ተይ! ከዚህ የምታወጣን ይቺ ዛፍ ናት» አላት።

«ዛፏን መች ነካኋት? እኔ የምበላው ልብሷን ነው» አለችው።

ዛፏ ደርቃ ወደቀች። ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ የመርከብ ሸራ ታየ። ዶሮው አሸዋው ላይ ቆሞ ቢጮህ ድምፁን ማዕበሉ ዋጠው።

«ከፍ ያለ ቦታ ወጥተህ ጩህ እንጂ!» አለችው ፍየሏ እያለቀሰች።

ዶሮው ዙሪያውን ቢያይ የሚወጣበት አጣ። ጀርባዋ ላይ ወጥቶ፣ ሸራው ከዓይኑ እስኪጠፋ ጮኸ።