አንጓች ሰባት ቤት ስትቆጥር

አንድ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ አያ ጓንጉል ይባላሉ። በዚያ አገር ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ የሁለቱም ዘር እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይቆጠራል። በሰባቱ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ከገጠሙ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው የለም፤ አበቃ። ይህን የሚቆጥሩት ታዲያ አያ ጓንጉል ናቸው። አፋቸው አይደናቀፍም፤ አባትን ከአያት፣ አያትን ከቅድመ አያት እያያያዙ ይሄዱበታል። ሰው ሁሉ ያምናቸው ነበር። እሳቸውም ራሳቸውን ያምኑ ነበር፤ ነገሩ የመጣው እንግዲህ በዚህ ነው።

በዚያው መንደር አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ይስማው የሚባል ሸማኔ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይገጥማል ልጆቼ? ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ጌሾው ተወቀጠ። የቀረው ቆጠራው ብቻ ነበር።

አያ ጓንጉል ወንዶቹን በቃላቸው ያውቃሉ፤ ሴቶቹን ግን ቤተ ክርስቲያን ካለው የድሮ ብራና ነው የሚያስነብቡት። አስነብበው ተመለሱና ሁለቱን ቤተሰብ ሰብስበው ተናገሩ።

«የይስማው አምስተኛ ቤት ወለተ ኪዳን ናት። የአንጓችም አምስተኛ ቤት ወለተ ኪዳን ናት። መጀመሪያ ፈንታን አግብታ የአንጓችን ወገን ወለደች፤ ኋላ ይርጋን አግብታ የይስማውን ወገን ወለደች። ገጥመዋል። ሰርጉ ይፍረስ።»

የአንጓች እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ይስማው መሬት መሬቱን ያያል። አንጓች ግን ብድግ አለች።

«አያ ጓንጉል፣ ይቺ ሴት እቤቷ ማን ትባል ነበር?»

«እንዴት ማን ትባል ነበር? ወለተ ኪዳን ነቻ!»

«እሱ የክርስትና ስሟ ነው። የኔም የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው፤ እርስዎ አንድ ቀን በሱ ጠርተውኝ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ሳቁባት። «እንዝርቷን ጥላ ዘር ልትቆጥር ነው እንግዲህ! ብራና ይዋሻል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?»

«አይዋሽም። ግን ጎዶሎ ቢሆንስ?» ብላ ወጣች።

በማግስቱ መዝገቡን ወደሚጠብቁት ወደ መሪጌታ ልሳኑ ሄደች። «የኔታ፣ ወለተ ኪዳን የሚል ያለበትን ሁሉ ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

«ሁሉንም? ዓይኔን ልታጠፊው ነው?» እያሉ አጉረመረሙ፤ ግን አነበቡ። አንዱ ገጽ ላይ የወለተ ኪዳን ተዝካር ወጣ ይላል። ሌላ ገጽ ላይ፣ ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ወለተ ኪዳን ለመቅደሱ መጋረጃ ሰጠች ይላል።

«የኔታ፣ የሞተች ሴት መጋረጃ ትሰጣለች?»

መሪጌታ ብራናውን እንደገና አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሁለት ናቸው! ሁለት ሴቶች ናቸው ልጄ!»

አንጓች ግን ገና አልጨፈረችም፤ እኔ ብሆን እዚያው እልል እል ነበር። እኅትማማች ቢሆኑስ ብላ አሰበች። ይህን ብራናው አይናገርም። ስለዚህ ወደ እማማ ማንጠግቦሽ ሄደች። እሳቸው የአገሩ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ሰው ሲሞት እቤቱ በሚጠራበት ስም እየጠሩ፣ አገሩንና ወገኑን እያነሱ ያስለቅሳሉ። ሙሾውን ከአያታቸው ነው የተማሩት፣ አያታቸውም ከእናታቸው።

«እማማ፣ የፈንታ ሚስትና የይርጋ ሚስት ሲሞቱ የተወረደውን ሙሾ ያውቁታል?»

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሰርጌን ላድን ነው።»

«ውይ! ስንት ዘመኔ፣ ለሰርግ ብሎ ደጄን የረገጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ተቀመጪ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የይርጋ ሚስት ደብሪቱ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አርጅታ ነው የሞተች። የፈንታ ሚስት ላቀች ናት። እሷ በልጅነቷ በወሊድ ሞተች፤ ሙሾዋም እንዲህ ነው፦

አገሯ ወንዝ ማዶ፣ ማን ሊያለቅስላት፣
ላቀች ከባል በቀር ምንስ ወገን አላት።»

አንጓች እኅትማማች አለመሆናቸውን ስትረዳ ለላቀችም እንባዋ መጣ፣ ለራሷም ደስ አላት፤ ሁለቱም ባንድ ላይ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቅጽሩ ውስጥ ተሰበሰበ። መሪጌታ ብራናውን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው አነበቡ። እማማ ማንጠግቦሽ ከዘራቸውን ተደግፈው ሙሾውን አወረዱ። አያ ጓንጉል ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

«እስቲ የላቀችን ድገሚልኝ» አሉ። ተደገመላቸው።

ከዚያ ሕዝቡ ፊት፣ ጣታቸውን እያጠፉ፣ ሁለቱንም ዘር እንደ አዲስ ቆጠሩ። አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት፣ ሦስት... ሰባት። የትም አልገጠሙም!

«ይህን ሁሉ ዘመን ስቆጥር» አሉ፣ «የሴቶቹን የቤት ስም አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አጥፍቻለሁ። ልጄ አንጓች፣ ሰርግሽን መራቂው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ።»

እልልታው ቅጽሩን ሞላው። ይስማው አንገቱን ቀና አደረገ። በሰርጉ ቀን እማማ ማንጠግቦሽ ከፊት ተቀመጡ። ሙሾ አውራጅ ሰርግ ላይ ምን ትሠራለች ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም፤ እሳቸው ግን ተነሥተው ላቀችንና ደብሪቱን በስማቸው እየጠሩ በሰርግ ዜማ ዘፈኑ። ያጉረመረመውም አጨበጨበ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የተጻፈን ነገር አክብሩ፤ የሞተችው ሴት መጋረጃ እንዳልሰጠች ያሳየን እሱ ነው። ግን ብራና የያዘው የጸሐፊው እጅ የጻፈውን ብቻ ነው፤ የቀረው በሰው አፍ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰውየው ሲሞት ደግሞ አብሮት ይቀበራል። የሰውን ዕድል ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱንም ጠይቁ። ደግሞም «ያ ነገር አልቋል» ሲሏችሁ እንደ አንጓች ብድግ በሉ።

ለመሆኑ የአያታችሁ እናት እቤቷ ማን ትባል ነበር? ካላወቃችሁት፣ የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ዛሬውኑ ሂዱና ጠይቁት።