በመሃል ማጨብጨብ ክልክል ነው

አንድ ስሙ ባሕር ተሻግሮ የተሰማ የቼሎ ተጫዋች ነበር። ቼሎ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ነው፤ ተጫዋቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በጉልበቶቹ መካከል ይይዘውና በደጋን ይጫወተዋል። ድምፁ የሰው ድምፅ ይመስላል፤ ያውም ሆድ የባሰው ሰው። ተጫዋቹ ይትባረክ ይባላል። በልጅነቱ ደጋን አያያዝ ያስተማሩት እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ቆጣ ያሉ መምህርት ነበሩ።

ይትባረክ ውጭ አገር ሄዶ ተማረ፤ ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ተጫወተ፤ ንጉሥ ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበለት። በዚያ አገር ታዲያ አንድ ደንብ አለ። ረጅሙ ሙዚቃ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው። አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪጀመር ተጫዋቹ ዝም ይላል፤ አድማጩም ዝም ይላል። የሚጨበጨበው ሁሉም ክፍል ሲያልቅ ብቻ ነው። ለምን ብትሉኝ እንጃ! ደስ ያለው ሰው እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንዲጠብቅ ማን እንደፈረደበት እኔ አላውቅም።

ይትባረክ ግን ደንቡን ከባለቤቶቹ በላይ አጠበቀው። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ደስታው አላስችል ብሏት በመሃል ብታጨበጭብ አፍጥጦ አያትና መድረኩን ጥሎ ወጣ። ጋዜጦቹም «ለሙዚቃ መቆርቆር ማለት ይህ ነው» ብለው አሞገሱት። ከዚያ ወዲህ በመሃል ያጨበጨበ ሁሉ ጉድ ፈላበት።

ፀጉሩ ሲሸብት ሰውዬው ግራ ይገባው ጀመር። ጥሩ ሲጫወትም ያጨበጭባሉ፤ ሲያበላሽም ያጨበጭባሉ። ለሙዚቃው ይሁን ለስሙ መለየት አቃተው። በመጨረሻ ለእትዬ ዘነቡ ስልክ ደወለ።

«እትዬ፣ ያደግኩባት ከተማ መጥቼ ልጫወት ነው። ዝና ሳይኖረኝ የሚያውቁኝ ሰዎች ይፍረዱኝ። ከወደዱኝ እቀጥላለሁ፤ ካልወደዱኝ ከዚያች ቀን በኋላ ቼሎ አልነካም።»

«ና እስቲ» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ድሮም ምስጋና ከአፋቸው አይወጣም።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አዘጋጆቹ የሰውዬውን ጠባይ ሰምተው ኖሮ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ ያስጠነቅቃሉ፤ «በመሃል ማጨብጨብ ክልክል ነው! ተናዶ ጥሎን ቢሄድ የከተማው ውርደት ነው!» እናቶች የልጆቻቸውን እጅ ጭምድድ አድርገው ያዙ። አንድ ጎልማሳማ ራሱን ስላላመነ መዳፎቹን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው።

ይትባረክ ተጫወተ። እንደዚያ ቀን አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ዝም አለ፤ ሰዉም ዝም አለ። ሌላው ሲያልቅ ዝም አለ፤ ሰዉም እንባውን እየዋጠ ዝም አለ። በመጨረሻ ሁሉም አለቀና ይትባረክ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

ዝም።

እንደገና እጅ ነሣ። አንድ ሰው ከኋላ አሳለና ጎረቤቱ ጎሸም አደረገው። ይትባረክ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ቼሎውን ተሸክሞ ከመድረኩ ወረደ።

«አለቀ እንዴ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ ልታስወጣን ነው?»

«እጅ ነሥቶ ሄደ እኮ!»

«ውኃ ሊጠጣ ይሆናል።»

እትዬ ዘነቡ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ከመድረኩ ጀርባ ገቡ። ይትባረክ ቼሎውን ሳጥኑ ውስጥ አጋድሞ እየቆለፈ ነበር።

«ምን በደልኳቸው፣ እትዬ? እንዲህ ይጠሉኛል?»

«ማን ጠላህ? አታጨብጭቡ ተብለው ነው እንጂ።»

«ሲያልቅ አጨብጭቡ ነው እኮ ደንቡ!»

«ማለቁን በምን ይወቁት? ደጋግመህ ዝም አልክ። የትኛው ዝምታ የመጨረሻው እንደሆነ ከአንተ በቀር ማን ያውቃል?»

ይትባረክ ቀና ብሎ አያቸው። «እርስዎስ? እርስዎ ያውቁ ነበር። እርስዎ ለምን አላጨበጨቡም?»

እትዬ ዘነቡ ወለሉን አዩ።

«እኔማ…» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሌላ ሰው ሲጀምር ልከተል ብዬ ነው። ማንም አልጀመረም። ወይ ጉድ! ልጄ፣ እኔ እኮ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።»

ይህን ብለው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በእነዚያ ባረጁ እጆቻቸው ያጨበጭቡ ጀመር። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ድምፁ ወደ አዳራሹ ዘለቀ። «ኧረ አልቋል!» አለ አንዱ፤ ከዚያ በኋላማ ጣሪያው ሊነሣ ምንም አልቀረው።

ይትባረክ ወጥቶ ደገመላቸው። ሰዉ በመሃል አጨበጨበ፣ እልል አለ፤ እሱም አልተቆጣም። ከዚያች ቀን በኋላም መጫወቱን አላቆመም። ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ግራ እንደገባው ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ያጨበጨበው ወዶት ነው ወይስ አንዲት አሮጊት ስለጀመሩ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልገባኝም። ምናልባት ሕዝቡም አያውቀውም።

የገባኝ ይህ ብቻ ነው። የወደድነውን ሰው «ወደድንህ» ለማለት ወይ ጊዜው እስኪደርስ እንጠብቃለን፣ ወይ ሌላ ሰው እስኪጀምር። እሱ ደግሞ ልባችን ውስጥ ገብቶ አያይም፤ የሚሰማው ዝምታችንን ነው። «ጠሉኝ» ብሎ ቢሄድ በምን ይፈረድበታል? ቤታችሁ ውስጥ፣ ሥራ ቦታችሁ፣ ጎረቤታችሁ እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ማን እስኪጀምርላችሁ ነው የምትጠብቁት?