ለጉርሻ፣ ባሉበት

አንድ ቀን ሰኞ ጠዋት ለአንድ ውሻ የእገዳ ደብዳቤ ተጻፈ። ውሻው ሥጋና አጥንት ያለው ቢሆን እኮ አንድ ነገር ነበር፤ ዘበኛው ያባርረዋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ይኼ ግን በኮምፒውተር የተሣለ ውሻ ነው። ጆሮዎቹ የተንጠለጠሉ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ዘወትር ሐሙስ አመሻሽ ላይ በቴሌቪዥን ለልጆች የሚቀርብ የካርቱን ውሻ። ስሙ ጉርሻ ነው። አፉን ከፍቶ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ ስለሌለው ነው እንዲህ የተባለው፤ ልጆቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው።

ደብዳቤው «ለጉርሻ፣ ባሉበት» ብሎ ይጀምራል። ከዚያም፣ «ጉዳዩ፦ ከሥራ መታገድዎን ይመለከታል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍል ላይ የአንድ ግለሰብን ሱሪ ከበስተኋላ በኩል ነክሰው መቅደድዎ በምስል ስለተረጋገጠ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ከማናቸውም ትዕይንት የታገዱ መሆኑን እናስታውቃለን። ከሰላምታ ጋር።» ፊርማ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ ከግርጌው ግልባጭ አለው፤ ለድምፅ ክፍል፣ ለሥዕል ክፍል፣ ለማኅደር። ለሰው የሚጻፍ ደብዳቤ እንኳ ይኼን ያህል አይሟላም።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደግሞ ሥራዋን የምታከብር ሴት ናት። ደብዳቤ ያለ ተቀባይ ፊርማ ከእጄ አይወጣም አለች። ውሻው መፈረም እንደማይችል ቢነገራት፣ እንግዲያው ወኪሉ ይፈርም ብላ ሞላልኝን አስጠራችው። ሞላልኝ የጉርሻ ድምፅ ነው። የሚጮኸው እሱ፣ የሚያለቃቅሰው እሱ፣ አጥንት ሲያገኝ በደስታ የሚያለከልከውም እሱ ነው። ደብዳቤውን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበና «ስለ ጉርሻ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

አይፈረድበትም። ሞላልኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በራዲዮ ድራማ ውስጥ ነበረ፤ ግን ነበረ ለማለት ያህል ነው። በር የሚያንኳኳ ሰው ሆኗል፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚያስል በሽተኛ ሆኗል፣ አንድ ጊዜ ፈረስ ሆኖ ነበር፤ ፈረሱም በሦስተኛው ክፍል ተሸጠ። አማቱ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ሥራው ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ነው የሄዱት። ጉርሻ ሲመጣ ግን ሰው ሆነ። ገና ከቤቱ ሲወጣ የሰፈር ልጆች ይከተሉታል፤ የታክሲው ረዳት በስሙ አይጠራውም፤ «ጉርሻ፣ ከፊት ግባ» ይለዋል። ውሻ ተብሎ እንዲህ የሚደሰት ሰው በዚህች ከተማ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ ጉርሻ ታገደ ማለት ሞላልኝ ወደ በር ማንኳኳቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍል አንድ አዲስ ሰውዬ ወደ ጉርሻ ሰፈር ይመጣል። ሰውዬው ቦርጫም ነው፤ ክራቫቱ ቦርጩ ላይ ሳይደርስ ያልቃል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። አፉን በከፈተ ቁጥር «በመሠረቱ» ይላል። ውሻው ከሰፈር ይውጣልኝ ብሎ ወረቀት ይዞ ሲዞር፣ ጉርሻ ከኋላው መጥቶ ሱሪውን ቀደደው። ልጆች በሳቅ ፈነዱ።

በማግስቱ የልጆች ፕሮግራም ኃላፊ የሆኑት አቶ ባንተይርጉ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገቡ ሁሉም ሰው ከወትሮው በበለጠ ትሕትና ሰላም አላቸው። ካለፉ በኋላ ግን ሁሉም ዞር እያለ ሱሪያቸውን ያያል። አቶ ባንተይርጉ የማያውቁት ነገር የለም። ስለ መድኃኒት ያውቃሉ፣ ስለ ቧንቧ ያውቃሉ፣ ሞላልኝን እንኳ አንዴ ከመቅረጫ ክፍል አስወጥተው፣ በመሠረቱ ውሻ ሲጮህ ትንፋሽ የሚወስደው በአፍንጫው ነው ብለው ለግማሽ ሰዓት አስጩኸውታል። እንግዲህ ይኼን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሠራተኛው ለምን ሱሪውን እንደሚያይ አይጠፋውም።

ሰኞ ጠዋት ሠዓሊዋ እታፈራሁ ሰውዬውን የሣለችው ደብረ ብርሃን ያለ አጎቷን አይታ እንደሆነ ምላ ተገዘተች። አቶ ባንተይርጉም መሐላ አያስፈልግም አሏት። ያ ሰውዬ በመሠረቱ ማንንም አይመስልም፣ እኔም አላውቀውም፣ ቅያሜ የሚባል ነገርም የለኝም፤ ሥነ ሥርዓት ግን ሥነ ሥርዓት ነው አሉ። ይኼን ብለው ገብተው ነው ደብዳቤውን ያስጻፉት።

ተከታታዩ ግን አልቆመም። ማስታወቂያ ተሸጦበታል፣ ሐሙስም መምጣቱን አይተውም። ስለዚህ የውሻው ፊልም ያለ ውሻው ቀጠለ። በመጀመሪያው ሐሙስ ጎረቤቶቹ ጉርሻ የት ሄደ ብለው ይጠያየቁና ለሥልጠና ሄዷል ይባባላሉ። በሁለተኛው ሐሙስ ሰብሰብ ብለው ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ይወያያሉ። በሦስተኛው ሐሙስ የሚባል ነገር አልቆ፣ ባዶውን የውሻ ቤት አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በክራር አጅበው አሳዩት። አንዳንድ ቤት ልጆች ጉርሻን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሲፈልጉ ተገኙ። አንዳንድ ቤት ደግሞ ምግብ ቆመ፤ የሚጎርስ ጠፋ።

ሞላልኝ ለማመልከት ሁለት ጊዜ ሄዶ አቶ ባንተይርጉ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በሦስተኛው ወደ ዕድር ሄደ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ቀለመወርቅ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ አጥር የተጋፉ ጎረቤታሞች አስታርቀዋል፤ ውሻ ግን ሸምግለው አያውቁም። በዚያ ላይ የሌለ ውሻ። እንዴት ተደርጎ ነው፣ ሰው ቢሰማስ ምን ይላል እያሉ ሲያመነቱ ባለሱቁ ሐጂ ሙደሲር ተነሡ።

«የልጅ ልጆቼ በደንብ ከበሉ ሦስት ሳምንታቸው ነው» አሉ። «እናንተ ለውሻው ካላችሁ ቅሩ። እኔ ለምሳው እሄዳለሁ።»

እሑድ ጠዋት ሦስቱም ለባብሰው አቶ ባንተይርጉ ቤት ደረሱ። ሞላልኝ ለሠርጉ ያሰፋውን ኮት ነበር የለበሰው። ባለቤትየዋ በር ከፍተው ሽማግሌዎችን ሲያዩ ልጃቸው የተጠየቀች መስሏቸው ደነገጡ፤ ልጅቷ ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አቶ ባንተይርጉ ግን ሞላልኝን እንዳዩት ነገሩ ገባቸው። ቤት ለእንግዳ አሉ፣ ወንበር አሳዩ። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት አንቀመጥም አሉ፤ የመጣንበት ካልሰመረልን ቆመን እንደመጣን ቆመን እንመለሳለን አሉ።

አቶ ቀለመወርቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግሩን ጀመሩ። ከልምድ የተነሣ፣ ልጃችሁ ቢያጠፋም ልጃችሁ ነው፣ ደሙ ፈልቶ ነው ብለው መሐል ላይ ከደረሱ በኋላ ስለማን እንደሚናገሩ ትዝ አላቸው። ልጅ ያሉትን ውሻ ብለው አረሙና፣ ብቻ በእኛ ይሁንብዎ፣ ይማሩት ብለው ጨረሱ። ሐጂ ሙደሲር የምሳውን ነገር ጨመሩበት።

አቶ ባንተይርጉ በጥሞና አዳመጡ። ሽማግሌ ደጃቸው መምጣቱ ደስ አሰኝቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ግን መሸነፍ አልለመዱም። ወጉንማ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም በሚል አኳኋን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። በአገራችን ባህል፣ አሉ፣ በደለኛ ቤቱ ተቀምጦ ሽማግሌ አይልክም። ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይመጣል፣ እግር ላይ ይወድቃል፣ ተነሥ እስኪባል ድረስ አይነሣም።

«በመሠረቱ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ውሻው ራሱ ይምጣና ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይውደቅ። ያን ጊዜ እምረዋለሁ።»

ይኼን ብለው ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። የተሣለ ውሻ ከስክሪን ወጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ዳገቱን ወጥቶ እሑድ ጠዋት ሳሎን ሊገባ አይችልም፤ ነገሩ ተቆለፈ፣ ቁልፉም ኪሳቸው ገባ። አቶ ቀለመወርቅ መሬት መሬት አዩ። ሐጂ ሙደሲር ወደ በሩ ዞር አሉ። ከነገ ጀምሮ የሚያንኳኳቸው በሮች ሁሉ በሞላልኝ ዓይን ዞሩ። ኮፍያውን ሊያደርግ ሲል አንድ ነገር መጣለት።

«ይቻላል» አለ።

«ምኑ ነው የሚቻለው?» አሉ አቶ ባንተይርጉ።

«ድንጋዩ። እታፈራሁ ለሐሙስ ትሥለዋለች። ጉርሻ በጫንቃው ተሸክሞ እያለቃቀሰ ይመጣል፤ ልቅሶውን እኔ አለቅስለታለሁ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝም በአፍንጫዬ እተነፍሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የሚወድቀው ማን እግር ላይ ነው?»

«የተበደለው ሰው እግር ላይ ነዋ» አሉ ኃላፊው እየተገረሙ። «በመሠረቱ ይኼ ይጠየቃል እንዴ? ወጉን ሳታውቅ ነው ሽማግሌ ይዘህ የመጣኸው?»

«ወጉንማ አሁን ከእርስዎ ተማርኩ» አለ ሞላልኝ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሣ። «ሱሪው የእርስዎ ከሆነ፣ ጉርሻ ሐሙስ ዕለት አገር እያየ እግርዎ ላይ ይወድቃል፤ እርስዎንም ከነሱሪዎ እንሥልዎታለን። ሱሪው የእርስዎ ካልሆነ ግን፣ ባለሱሪው ዝም ብሎ እርስዎ በሰው ሱሪ ምን ሆነው ይምሩታል?»

አቶ ባንተይርጉ «በመሠረቱ» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቀኝ እጃቸው ግን ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወደ ኋላ ዞሮ ሱሪያቸውን ዳበሰ፤ ደኅና መሆኑን አረጋግጦ ተመለሰ። ባለቤትየዋ ይኼን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከዚያ ውስጥ የሚሰማው ሳቅ ይሁን ሳል ማንም አልጠየቀም።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ አቶ ባንተይርጉ በመጨረሻ።

«ውሻውስ?» አሉ ሐጂ ሙደሲር፣ አሁንም እንደቆሙ።

«ከሥልጠና ተመልሷል።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ሰኞ ጠዋት ሌላ ደብዳቤ ወጣ። «ለጉርሻ፣ ባሉበት» ይላል፤ በእገዳው ጊዜ ማንንም ባለመንከስዎ በሥነ ምግባርዎ ላይ መሻሻል ስለታየ ከሐሙስ ጀምሮ ወደ ሥራ ገበታዎ እንዲመለሱ ይላል። ሞላልኝ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወርዶ ፈረመ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም ወግ አዋቂ ናትና፣ የሚመለከተው ሁሉ ይወቀው ብላ ከግርጌው ሦስት ግልባጭ አድርጋለታለች፤ ለድምፅ ክፍል፣ ለሥዕል ክፍል፣ «ሱሪያቸው ለተቀደደባቸው ግለሰብ፣ ባሉበት»። ሁለቱ ግልባጮች በዚያው ቀን ደረሱ፤ ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ድረስ አቶ ባንተይርጉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።