የእማማ ይመናሹ ጽዋ

ጠጋ በሉ። ተረት ይዣለሁ፤ «ይምጣ» በሉኝ። ጮክ አድርጋችሁ። እንዲያ ነው።

እማማ ይመናሹ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። የማርያምን ጽዋ ከመሠረቱት እናቶች የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ታመው አልጋ ያዙ። ጎናቸውን የምናገላብጥ፣ አጥሚት የምናስጎነጭ እኛው የማኅበሩ ሴቶች ነን። አንድ ቀን፣ «ልጆቼ፣ ሳልሞት ጽዋዋ አንዴ ቤቴ ትግባልኝ፤ ለኅዳር ጽዮን» አሉን። ሌላ አልጠየቁም።

ጽዋዋን ልናነሣ ሄድን። ጽዋዋ፣ «በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አልገባም» አለች። አንተ ምን ያስቅሃል? እውነቷን ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ አልወጣም ብሎ፣ የእማማ ቤት ከደጅ ይልቅ ከውስጥ ይዘንብ ነበር።

ጣሪያውን ለመንነው። «ሣር ሳልለብስ ማፍሰሴን አልተውም» አለ። ጣሪያ አይተው፣ ጽዋ አትገባ፣ እማማ አይቀምሱ።

ሣሩን ለመንነው። «ማጭድ ሳይነካኝ ከሜዳ አልነሣም» አለ። ሣር አይነሣ፣ ጣሪያ አይተው፣ ጽዋ አትገባ፣ እማማ አይቀምሱ።

ማጭዱን ለመንነው። «ጥርሴ ረግፏል፤ እሳት ገብቼ ሳልቀጠቀጥ አላጭድም» አለ። ማጭድ አያጭድ፣ ሣር አይነሣ፣ ጣሪያ አይተው፣ ጽዋ አትገባ፣ እማማ አይቀምሱ።

ባለ እጁ ቀጥቃጭ ቤት ሄደን እሳቱን ለመንነው። «ከሰል ሳልበላ አልነድም» አለ። በዚያ ዝናብ ደረቅ ከሰል ያላት አንጓች ብቻ ናት። አንጓች ድሮ ማኅበርተኛችን ነበረች፤ ልጇ ውድነሽ ከሞተች ወዲህ ቀርታለች።

ከሰሉን ለመንነው። «ባለቤቴ ሳትፈቅድ ከጆንያዬ አልወጣም» አለ። ከሰል አይወጣ፣ እሳት አይነድ፣ ማጭድ አያጭድ፣ ሣር አይነሣ፣ ጣሪያ አይተው፣ ጽዋ አትገባ፣ እማማ አይቀምሱ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ትርንጎ፣ «አንጓችዬ፣ ስለ ማርያም» አለቻት።

«ከሰል ስትፈልጉ ደጄ ታያችሁ?» አለች አንጓች። «ለይመናሹ ነው አይደል? ጎረቤቴ ሆነው ለውድነሽ አላለቀሱላትም። ሳያለቅሱላት አንዲት ፍም አልሰጥም።»

በጽዋ ሥርዓት የተጣላ ሳይታረቅ አይጠጣም። እኛ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ጽዋ ስናዞር፣ «አንጓች ለምን ቀረች?» ያለ የለም። እማማንም ቢሆን ያጠጣናቸው የተጣሉት ሰው እንዳለ ሳንጠይቅ ነው።

ሄደን ለእማማ ነገርናቸው። «ተሸከሙኝ» አሉ።

በቃሬዛ ተሸክመን አንጓች ደጅ አወረድናቸው። «የውድነሽ እናት!» አሉ። «ያኔ በዶሮ ተጣልተን ክፉ ቃል ተናግሬሽ ነበር። በነጋታው ልጅሽ ሞተች። በሰደብሁበት አፍ እንዴት ላልቅስ? አፍሬ ቀረሁ፤ ዓመት በዓመት ላይ ተጫነ።» ከዚያ በዚያች በቀጠነች ድምፃቸው፣ «ውድነሽዬ፣ ሽሩባሽን የሠራሁሽ፣ ወዴት ሄድሽብኝ» እያሉ አለቀሱ። እንደ ዕለቱ ልቅሶ ነው ያለቀሱት። ሁላችንም ደረት መታን።

አንጓች ከቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከች። «ይፍቱኝ፣ እማማ።»

«አንቺ ፍቺኝ እንጂ!»

ተነሥታ ጆንያውን ፈታች። ከሰሉ ወጣ፣ እሳቱ ነደደ፣ ማጭዱ አጨደ፣ ሣሩ ተነሣ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ፣ ለኅዳር ጽዮን ጽዋዋ ገባች።

ጽዋዋን ከእማማ አፍ ያስጠጋችላቸው አንጓች ናት። ቀመሱና፣ «አሁን አንቺ» አሏት። ከስምንት ዓመት በኋላ ጠጣች።

በሳምንቱ እማማ ዐረፉ። ዝናቡ ያን ዕለትም አልተወም ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ በዚያ ጣሪያ ሥር ተቀመጠ፤ የማንም ነጠላ አልራሰም። አልቃሽዋ አንጓች ነበረች።

እኔ የተረት ሸክሜን አወረድሁ፤ በሉ፣ አሁን እናንተ ያዙት።